ሬዲዮው ዝቅ ሲል

መጋረጃው ወፍራም ነው፤ ቀኑን ሌሊት ያደርግልኛል ብላ እሷው ናት መርጣ የገዛችው፤ ብርሃን ግን አመሉ ነውና በጠርዙ ሾልኮ ገብቶ እንደ ቀጭን ክር ግድግዳው ላይ ተጋድሟል፣ እሷም አልጋዋ ላይ ተጋድማ ክሩን ታያለች፣ ሁለቱም እንቅልፍ የላቸውም። ሰው ሁሉ ሥራ በሚውልበት ሰዓት የምትተኛ ሴት ናት። ማታ ሰው ሲገባ ትወጣለች፣ ጠዋት ሰው ሲወጣ ትገባለች፣ ደረጃ ላይ የሚያገኟት ጎረቤቶች «ደህና ዋይ» ሲሏት «ደህና እደሩ» ልትል ትቃጣና ትተወዋለች። ከላይ ያለው ሰውዬ ወንበር ይጎትታል። ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል፣ ደግሞ ዝም ይላል፣ ዝም ሲል ይብሳል። ትራሱን ገለበጠችው፤ ቀዝቃዛው ጎን ለአንድ ደቂቃ ደስ አላት፣ ከዚያ እሱም ሞቀ። እንዲህ ስትሆን ዘጠነኛ ቀኗ ነው፤ ጥያቄዋም አንድ ነው፣ ሌላ የላትም፦ አባባ አለ ወይስ የለም?

ነገሩ እንዲህ ነው። የአባቷን ድምፅ ከሰማች አርባ አንድ ቀን ሆኗታል። በደወለች ቁጥር ስልኩን የምታነሳው ታናሽ እህቷ ናት፤ ከአባታቸው ጋር የምትኖር ፀጉር ሠሪ፣ ምላሷ እንደ መቀሷ የማያርፍ። «አባባ ተኝቷል እታለም» ትላታለች። ከዚያ በሦስተኛው ቀን ስትደውል «አሁን ገና ጋደም አለ፣ አትቀስቅሺው።» በሳምንቱ «ወጣ ብሏል፣ ፀሐይ ሊሞቅ።» ከዚያ ደግሞ አራት ጊዜ «ገላውን እየታጠበ ነው።» ይቺን ስትሰማ ነው መጠርጠር የጀመረችው። አባቷ የታወቁ ናቸው፤ ውሃ ከሩቅ ሲያዩ «እንጨት ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ እኔም እንጨት ነኝ» የሚሉ አናጢ ናቸው፤ እናቷ በሕይወት ሳሉ ወደ መታጠቢያው የሚነዷቸው እንደ በግ እየገፉ ነበር። እኚህ ሰውዬ በአንድ ወር አራት ጊዜ ታጠቡ ቢሏት ታምናለች? ኧረ ምን ቆርጧት! ግን ደግሞ ከእህቷ ድምፅ ኋላ ሬዲዮው ይሰማል። የአባቷ ሬዲዮ፣ ከራስጌያቸው የማይለይ፣ አንቴናው በሽቦ የታሰረው፣ ቀኑን ሙሉ ሲለፈልፍ የሚውለው። ሬዲዮው ካለ እሳቸውም አሉ ትላለች፣ ወዲያው ደግሞ ሬዲዮ እኮ ያለ ሰውም ያወራል ትላለች።

እናቷ የሞቱ ጊዜ እንዲሁ ነበርና። ሁለት ወር ሙሉ «ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች፣ እዚያ ደግሞ ኔትወርክ የለም» ተባለች። አመነች። የረቀቀ መሣሪያ ላይ ተቀምጣ ከሰማይ ዳር የሚመጣ ብርሃን የምትመረምረው ሴት፣ እናቷ ለሁለት ወር ዘመድ ዘንድ ተቀመጡ ሲሏት አምና፣ ብርድ እንዳይነካቸው ሹራብ ገዝታ፣ «ስትመጣ ስጧት» ብላ ላከች። አንድ ቀን ንጋት ላይ በሩ ይንኳኳል። ስትከፍት የአገሯ ሰዎች አምስት ሆነው ቆመዋል፣ ሁለቱን በስም እንኳ አታውቃቸውም፣ አንዳቸውም ዓይኗን አያዩም፣ የኋለኛዋ ሴት ከወዲሁ መሀረብ ይዛለች። በዚያ ሰዓት አምስት ሆኖ ለጨዋታ የሚመጣ ሰው የለም። እዚያው በሩ ላይ ተቀመጠች፣ እነሱም የመጡበትን ሳይናገሩ ተናገሩ። ለአባት፣ ለእናት እንዲህ ነው፣ ወጉ ነው፣ ሰው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ ነው፣ ማንንም አትቀየምም። እህቷን ግን በስልክ ይዛ አለቀሰችባት፣ «ሁለተኛ ስለ ሞት እንዳትዋሺኝ!» አለቻት፣ እህቷም እየተንሰቀሰቀች ማለችላት፣ «አልዋሽሽም እታለም፣ አባባ ይሙት!»

አሁን ጉዱ እዚህ ላይ ነው። እህቷ «አባባ ይሙት» ሳትል ሦስት ቃል የማትናገር ልጅ ናት። ቲማቲም ተወደደ ለማለት አባባ ይሙት፣ ደንበኛዬ ቀረች ለማለት አባባ ይሙት፣ ዝናብ ጣለ ለማለት ሳይቀር፣ ዝናቡንማ ማን ተጠራጠረሽ! ያኔ አባቷ ከወዲያኛው ክፍል፣ መንገድ ማዶ ድረስ በሚሰማው በዚያ ድምፃቸው፣ «እኔ ምን አደረግኳችሁ!» ብለው ይጮሃሉ፣ የያዙትን እርሳስ በጠረጴዛው ላይ ሦስት ጊዜ ይቆረቁራሉ፣ ክፉውን ነገር ለመመለስ ነው መሰል፣ ከዚያ ሁሉም ይስቃል። አርባ አንድ ቀን ሙሉ ግን ያቺ ልጅ አንድ ጊዜ እንኳ በአባቷ አልማለችም። በሌለ ሰው አይማልማ። የሚምሉበት ሰው ራሱ ሲሞት መሐላው ምን ይሆናል፣ ይጸናል ወይስ አብሮ ይቀበራል፣ ይህን ታስባለች፣ ትራሱን ትገለብጣለች፣ ሁለቱም ጎን ሞቋል።

የጎደለውን ማየት ሥራዋ ነው፣ ምን ታድርግ። ሰው «ምንድን ነው የምትሠሪው?» ሲላት «ኮምፒውተር ላይ ነው» ብላ ታልፋለች እንጂ ነገሩ ደስ የሚል ነው። ከእኛ ፀሐይ ውጪ በሌላ ኮከብ ዙሪያ የምትዞር አንዲት ፕላኔት አለች፣ በጣም ሩቅ፣ ማንም የማይሄድባት። ፕላኔቷ ራሷ አትታይም። በኮከቧ ፊት ስታልፍ ግን፣ ልክ በመብራት ፊት ትንኝ ስታልፍ እንደሚሆነው፣ የኮከቡ ብርሃን በጣም ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ታልፍና መልሶ ከፍ ይላል። በዚያች በዝቅታዋ ሰዓት ከብርሃኑ ጥቂቱ በፕላኔቷ ዙሪያ ባለው አየር ውስጥ ሰንጥቆ ይመጣል፤ አየሩ ውስጥ ያለ ጋዝ ሁሉ ደግሞ የራሱን ቀለም ከብርሃኑ ይውጣል። እነሱም ብርሃኑን እንደ ቀስተ ደመና ዘርግተው የተዋጠውን ቀለም ይፈልጋሉ፣ የጎደለው ቀለም የትኛው ጋዝ እዚያ እንዳለ ይነግራቸዋል። ቤቱ ሳይገቡ ከአጥር ውጪ ሆኖ ምን እንደተበሰለ ማወቅ ማለት ነው። ይህማ ከልጅነቷ የተካነችበት ነው፤ በአጥር ሥር ስታልፍ የማን ቤት ቀለም እንደተቀባ፣ የማን ቤት ሰው እንደታመመ፣ የማን ቤት ከርሞ እንደተከፈተ ከሽታው ስለምትለይ አባቷ ስም አውጥተውላት ነበር፣ «አነፍናፊዬ»።

አሁን በዚያች ፕላኔት አየር ውስጥ ሁለት ጋዝ ታየ ተባለ። አንደኛው እኛ የምንተነፍሰው ኦክስጅን ነው፣ ሁለተኛው ከረግረግና ከከብት ሆድ የሚወጣው ሚቴን። እያንዳንዱ ለብቻው ምንም አይደለም፣ ከድንጋይም ከእሳተ ገሞራም ሊመጣ ይችላል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲገኙ ነው ወሬው። እነዚህ ሁለቱ እንደ ምራትና አማት አንድ ቤት አይቆዩም፣ ይበላላሉ፣ ጊዜ ሲሰጣቸው አንዱ ሌላውን ይጨርሳል። ሁለቱም ካሉ እንግዲህ የሚያልቀውን እየተካ የሚሞላ ነገር እዚያ አለ፣ ምናልባትም የሚተነፍስ ነገር። አለቃዋ፣ ሲጨነቅ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ የሚወለውለው ረጅሙ ሰውዬ፣ ሰሞኑን መነጽሩን ሊፈጨው ደርሷል። ምክንያቱም እሷ አግኚ ሳትሆን አጣሪ ናት፤ ሌሎቹ «አገኘን!» ሲሉ እሷ «እስቲ ቆዩ» ትላለች፣ ያለ እሷ ፊርማም ወሬው አይወጣም።

«ሁለቱም ጋዞች አሉ» አላት ትናንት።

«ስንት ጊዜ ታዩ?»

«አንድ ጊዜ። ግን ጥርት ብለው!»

«ኮከቡ ላይ ጠቃጠቆ ቢኖርስ? መሣሪያው ሞቆ ቢሆንስ? ሦስት ጊዜ ሳላይ አልፈርምም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ደስ ሲለው ማየት አትወጂም ማለት ነው።»

ሳቀች፣ እሱም ሳቀ፣ መነጽሩን ወለወለ። ወዲያው ግን ነገሩ ወደ ራሷ ዞረባት። በአንድ ምልክት ሕይወት አለ የማትል ሴት፣ በአንድ ሬዲዮ አባቴ አለ ብላ አርባ ቀን ኖረች፤ ደግሞ በአንድ መሐላ መቅረት የለም ብላ ትቀብራቸዋለች? የቱ ነው ትክክል?

ሄዳ ማየት ነዋ፣ ትሉ ይሆናል። እሷም አስባዋለች። ለአስቸኳይ ፈቃድ ሠራተኛ አስተዳደር ቢሮ ገባች፣ ጥፍሯን በሰማያዊ የተቀባችው ጸሐፊ አንድ ቅጽ ሰጠቻት፣ ጨዋ ልጅ ናት፣ ፈገግ ብላ ነው የሰጠቻት። ቅጹ ላይ «የቅርብ ዘመድ» ይላል፣ ከሥሩ ሁለት ሣጥን አለ፣ አንዱ «ሕመም»፣ ሌላው «ሞት»፣ ከዚያ «ማስረጃ ይያያዝ»።

«አንዱ ላይ ምልክት አድርጊ» አለቻት ጸሐፊዋ።

«የቱ እንደሆነ አላውቅም።»

«ቤተሰብሽን ጠይቂያቸዋ።»

«ጠይቄያቸዋለሁ።»

«ታዲያ ምን አሉሽ?»

«ደህና ነው አሉኝ።»

«እንግዲያው ደህና ነዋ!» አለች ጸሐፊዋ፣ እውነትም ደስ ብሏት። ምን ብላ ታስረዳት? እኛ ቤት ደህና ነው ማለት ደህና ነው ማለትም ነው፣ አትምጪ ማለትም ነው፣ ቀብረናል ማለትም ነው፣ እንደ አነጋገሩ ነው፣ ብላ ትንገራት? ለዚህ ደግሞ ሣጥን የለውም። ቅጹን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ ይኸው አሁን ከአልጋው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ በላዩ ብርጭቆ አስቀምጣበት ክብ የውሃ ምልክት ወጥቶበታል፣ ከሁለቱ ሣጥኖች መሃል ላይ።

ከሁሉ የሚበላት ግን የመጨረሻው ቀን ነው። ሥራ ላይ የእረፍት ሰዓቷ ነበር፣ አባቷ ራሳቸው ነበሩ የደወሉት፣ ስልክ የማይወዱት ሰው፤ ድምፃቸው ሻካራ፣ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚፍቅ። «አባባ፣ ድምፅህ ምን ሆነ?» አለች። «የእንጨት ብናኝ ነው» አሏት። «ጉንፋን ነው፣ ትኩስ ነገር ጠጣ» አለች፣ ይኸው ነው፣ ጉንፋን ነው ብላ አለፈችው፤ የሩቅ ኮከብ ብርሃን የትንኝ ክንፍ ያህል ሲጎድል የማያመልጣት ሴት የአባቷ ድምፅ ሲያልቅ ጉንፋን ነው አለች። «ስሚኝማ አነፍናፊዬ» ይላሉ አባቷ፣ «የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁትን ቁም ሳጥን ባለቤቱ በጋሪ ጭኖ መልሶ አመጣብኝ። በሩ በራሱ ይከፈታል አለኝ። እኔ ደግሞ የሠራሁት በር በራሱ ተከፍቶ አያውቅም። ሳየው ምን ባገኝ ጥሩ ነው...» ሰዓቷን ታያለች። አለቃዋ በመስታወቱ በኩል በእጁ ይጠራታል። «አባባ፣ ስብሰባ አለኝ፣ በኋላ እደውላለሁ፣ ይዘኸው ቆየኝ» አለች። «እሺ፣ ይዤው እቆያለሁ» አሉ። በኋላ አልደወለችም። በማግስቱም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስትደውል «ተኝቷል እታለም» ተጀመረ። ስብሰባው ስለምን እንደነበር ዛሬ ብትጠየቅ አታስታውሰውም።

ተነሳች፣ ውሃ ጠጣች፣ ብርጭቆውን ቅጹ ላይ መለሰች፣ ተመልሳ ተኛች። ከዚያ ድንገት ትውስ አላት። ከዘመድ መጠየቅ ለምን አስፈለገ? ዘመድ ይዋሻል፣ ለደግነት ብሎ ይዋሻል። የቤታቸውን በር ፊት ለፊት የሚያይ ሰው አለ፣ ባለ ሱቁ፤ ከሱቁ ምንም ነገር አልቆ ስለማያውቅ ሰፈሩ «አያልቅበት» የሚለው። ቁጥሩ ካሮጌ ደብተሯ ውስጥ ተገኘ፣ ደወለች፣ በሁለተኛው ጥሪ አነሳው።

«የአናጢው ልጅ ነኝ፣ ትልቋ።»

«እንዴ! የውጪዋ! እንዴት ነሽ፣ ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ብርዱ እንዴት ይዞሻል?» ብሎ አዥጎደጎደው፣ ከዚያ ድንገት እንደ ቧንቧ ተዘጋ። «ስለ አባትሽ ከሆነ አትጠይቂኝ። ምያለሁ።»

ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። «ለማን ነው የማልከው?»

«እሱንም እንዳልናገር ምያለሁ።»

ደህና ለሆነ ሰው ማን ያስምላል? እንግዲህ አለቀ፣ አለች በሆዷ። ግን የለመደባት ማጣራት ነውና አፏ ቀድሟት ተናገረ። «እሺ፣ ስለ ሰው አልጠይቅህም። ስለ ዕቃ ልጠይቅህ።»

«ዕቃ?» አሰበ። «ዕቃማ ምን ችግር አለው፣ ዕቃ ነዋ! ጠይቂኝ።»

«የሬዲዮ ድንጋይ ቤታችን ይገዛል?»

«በየሳምንቱ! እህትሽ ናት የምትወስደው። ትናንት እንኳ አራት ወስዳለች።»

«ደረቁን ዳቦስ?» አባቷ የሚወዱት እሱን ነው፣ እንደ እንጨት ካልተሰበረ ዳቦ አይባልም የሚሉ ናቸው።

«እሱን አቁማለች። ቆየች።»

አያልቅበት ስለ ሰውየው የተከለከለውን ወሬ በዕቃ በኩል መወጣት ደስ ብሎታል መሰለኝ ሳትጠይቀው ቀጠለ። «ከሁሉ የገረመኝ ደብተሩ ነው። ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር፣ በሳምንት አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት። እርሳስም። ምነው፣ እናንተ ቤት ተማሪ ገባ እንዴ?»

«አልገባም» አለችው። አመስግና ዘጋች።

እንግዲህ ጣሪያውን እያየች ትመዝናለች። ድንጋይ ይገዛል፣ ሬዲዮውን የሚሰማ ሰው አለ ማለት ነው፤ ወይም እህቷ እሷ በደወለች ቁጥር ይሰማ ብላ፣ እንድታምን ብላ ትከፍተዋለች። ያቺ ልጅ ታደርገዋለች፣ ለደግነት የማታደርገው የለም። ደረቅ ዳቦ ቆሟል፤ ይሄ ክፉ ነው። ደብተር ይገዛል። ደብተር ለምን? ለቅሶ ቤት ደብተር ይገዛል፣ የመጣው ሰው ስም ይመዘገብበታል፤ የእናቷ ጊዜ ሰማያዊ ደብተር ነበር፣ ፎቶ አንስተው ልከውላታል። ግን ቆይ፣ አለች አጣሪዋ ከውስጧ፣ በየሳምንቱ? ስድስት ሳምንት ሙሉ? ባለ ሃምሳ ሉክ? የአንድ ሰፈር አናጢ ቀርቶ ንጉሥም ቢሞት ይህን ያህል ደብተር የሚሞላ ለቀስተኛ ከየት ይመጣል? ደብተር የሚያልቅ ነገር ነው። ካለቀ የሚጨርሰው አለ። ድንጋይም የሚያልቅ ነገር ነው። ሁለቱ አብረው ያልቃሉ፣ አብረው ይተካሉ።

በዚህ መሃል አንድ ሰው ከውጪ በመስኮቱ ፊት አለፈ። ግድግዳው ላይ ያለው የብርሃን ክር ደብዘዝ አለ፣ ወዲያው ተመለሰ። እሷም ዓይኗን ተክላ ቀረች። ባለፈው ሳምንት፣ ከእህቷ ጋር ስታወራ፣ «ፕላኔቷ ላይ የሆነ ነገር አየን እያሉ ነው» ያለች ጊዜ፣ ከኋላ ሬዲዮው ዝቅ ብሎ ነበር። ዝቅ ብሎ፣ ቆይቶ፣ መልሶ ከፍ አለ። ያኔ መስመሩ ነው ብላ ነበር። አባቷ ስልክ ማውራት አይወዱም፣ የሰው ስልክ መስማት ግን ነፍሳቸው ነው፤ ደስ የሚል ወሬ ሲመጣ እንዳልሰማ ሰው ሆነው እጃቸውን ወደ ሬዲዮው ሰደድ ያደርጋሉ፣ ዝቅ ያደርጉታል፣ ወሬው ሲሰለች መልሰው ከፍ። እናቷ «ጆሮህን በሬዲዮ ትሸፍናለህ» እያሉ ሲስቁባቸው ኖረዋል። እህቷ እንደሁ በሬዲዮው ላይ ትጮሃለች እንጂ ዝቅ አድርጋ አታውቅም።

አንድ ጊዜ ግን አይበቃም። ተነስታ ተቀመጠች፣ ትራሱን ጀርባዋ ላይ አደረገች፣ ደወለች።

«እታለም! አልተኛሽም እንዴ?»

«እንቅልፍ እምቢ አለኝ።»

«ወይኔ! አባባ እኮ አሁን ገና...»

«ተኝቷል።»

«እ... አዎ። እንዴት አወቅሽ?»

«ይተኛ። አንቺኑ ላጫውትሽ ብዬ ነው።» ሬዲዮው ከኋላ ይለፈልፋል፣ አንድ ሰውዬ ስለ ኳስ ይጮሃል። ጆሮዋን ወደ እሱ አዙራ፣ አፏን ወደ እህቷ፣ ጀመረች። «ያቺ ፕላኔት ትዝ ትልሻለች? አየሯ ውስጥ ሁለት ጋዝ ተገኘ። አንድ ላይ መኖር የማይገባቸው ናቸው።»

ኳሱ ዝቅ አለ።

ሰማችው፣ ግን አልቸኮለችም። «ደግሞ እዚህ ሕንፃ ላይ የልብስ ማጠቢያው ተራ ተቀየረ ልልሽ፣ የእኔ ተራ ሐሙስ ሆነ፣ ሐሙስ ደግሞ...» እህቷ «እሺ» ትላለች፣ «እህ» ትላለች። የማጠቢያውን ነገር አስረዘመችው፣ ስለ ሳሙናው ሁሉ አወራች። ኳሱ ቀስ ብሎ ከፍ አለ። «አለቃዬማ አገኘን ብሎ ለዓለም ሊናገር ነው» አለች። ኳሱ ዝቅ አለ። ሁለት። ወደ ሳሙናው ተመለሰች፣ ስለ መዓዛው፣ ስለ ካርቶኑ፤ ኳሱ ከፍ አለ፣ እንዲያውም በብስጭት ከፍ አለ። ልትስቅ ደርሳ ዋጠችው። «እኔ ግን አልፈርምም አልኩት» አለች።

ቀጭ። ሬዲዮው ጠፋ።

ዝም አለ ቤቱ። ያ ዝምታ ደግሞ ባዶ አልነበረም፤ ጫር ጫር የሚል ነገር ነበረው፣ እርሳስ በወረቀት ላይ። ከዚያ ወረቀት ሲገለጥ። ከዚያ እህቷ፣ ድምፅዋ ፈተና ላይ እንደሚያነብ ተማሪ ሆኖ፣ «እ... እታለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማለቴ እኔ ነኝ የምጠይቅሽ። የተቆረጠ እንጨት ከሞተ በኋላም ዓመት ሙሉ ይሸታል። ሽታው ስላለ ዛፉ በሕይወት አለ አይባልም። እናንተስ ይህን በምን... በምን ታጣሩታላችሁ?»

ይህች ፀጉር ሠሪ በሕይወቷ ስለ እንጨት አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም።

ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ድምፅዋን ግን ያዘችው። «ጥያቄው ጥሩ ነው» አለች ቀስ ብላ። «የሞተው እንጨት ሽታው እየቀነሰ ይሄዳል፣ የሚተካው የለም። የሕያው ግን ይታደሳል። ስለዚህ ነው አንድ ጊዜ አይተን የማናምነው፣ ደጋግመን የምናየው። ብለሽ ንገሪው።»

«ለማን?»

«ደብተሩ ላይ ለጻፈው።»

እህቷ ፈነዳች፣ ለቅሶ ይሁን ሳቅ አይለይም። «አልዋሸሁሽም! ስለ ሞት እንዳትዋሺኝ ነው ያልሽኝ፣ አልዋሸሁሽም! ጉሮሮው ላይ እብጠት ወጣ፣ አወጡለት፣ ድምፁ አብሮ ሄደ፣ ጭራሽ ሄደ እታለም፣ ደረቅ ነገር አይወርድለትም እንጂ ሌላው ደህና ነው፣ ሐኪሙም ደህና ነው ብሏል። እሱ ነው እንዳትነግሪያት ብሎ የጻፈው፣ ድምፄን ፈልጋ ትጨነቃለች፣ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች ብሎ። አያልቅበትን እንኳ አስምሎታል፣ በጽሑፍ!»

«አለ?»

«አለ እንጂ! ይኸው ፊቴ ተቀምጦ አጋለጥሽኝ ብሎ እያፈጠጠብኝ ነው፣ አባባ ይሙት!»

እንጨት በእንጨት ሲቆረቆር ተሰማ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ምን ልበላችሁ፣ እዚያ አልጋ ላይ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ የሳቀችው ሳቅ ከላይ ያለውን ሰውዬ ወንበሩን አስቁሞታል። አባቷን ተቆጣቻቸው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቷ ሳይመልሱላት፤ «ድምፅህ ሄደ ብዬ ነው የማጣህ? አባባ፣ እኔ ሌላ ምንም አልሰማም መሰለህ?» አለቻቸው። ከጠረጴዛው ላይ ቅጹን አነሳች፣ ከውሃው ክብ ወዲህ ያለው ሣጥን ላይ ምልክት አደረገች፣ «ሕመም»፣ እህቷም የሐኪሙን ወረቀት በፎቶ ልላክልሽ አለች። አለቃዋ መነጽሩን ይወልውል፤ ፕላኔቷ ከሦስት ወር በኋላ እንደገና በኮከቧ ፊት ታልፋለች፣ ከዚያ በኋላም ታልፋለች፣ የትም አትሄድ። እስከዚያ እሷ አገር ቤት ደርሳ ትመለሳለች።

«አባባ» አለች መልሳ እየተጋደመች፣ ስልኩን ትራሱ ላይ፣ ጆሮዋን ስልኩ ላይ። «ያ ቁም ሳጥን። ያቋረጥኩህ።»

ጫር ጫር አለ እርሳሱ። ረዥም ጊዜ ጻፈ። ከዚያ እህቷ አነበበች፣ «ይዤው ቆይቻለሁ፣ ይላል።» ጉሮሮዋን ጠረገች። «ከዚያ፦ ባለቤቱን ቁም ሳጥኑን የት አስቀመጥከው አልኩት...»

እርሳሱ ይጽፋል፣ እህቷ ታነባለች፣ እንደገና ይጽፋል። በመሃሉ ያለው ዝምታ አያስፈራም፣ የሚተካው አለና። ግድግዳው ላይ ያለው ክር ቀስ እያለ ወደ በሩ ይሄዳል። ባለቤቱ ቁም ሳጥኑን መስኮት ሥር አዙሮት ነበር፤ እዚህ ድረስ ሰምታለች፣ አባቷ ወለሉን እንዳዩትም ሰምታለች። በሩ ለምን በራሱ እንደሚከፈት ግን አልሰማችም፤ ከዚያ በፊት እንቅልፍ ወሰዳት።